አደይ መስላ የገባችው አበባ

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጳጉሜን የመጀመሪያ ቀናት፣ በገዳማችን ቅጽር ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ባለው እርከን ላይ አንዲት ቢጫ አበባ ፈክታ ተገኘች። ወቅቱ በኢየሩሳሌም ዝናም ከተቋረጠ ብዙ ወራት ያለፉበት፣ ሣሩ ደርቆ ገለባ የሆነበት፣ ከወይራውና ከበለሱ በቀር ለምለም የማይታይበት ነው። በአገራችን ግን ያ ሰሞን ክረምቱ የሚወጣበት፣ ጋራውና ሸንተረሩ አደይ አበባ የሚለብስበት ነው። በማኅበራችን ካሉት እናቶች ሁሉ ቀድመው ወደዚህ ቅዱስ ስፍራ የመጡት እማሆይ አበባዪቱን ጎንበስ ብለው አዩአትና፣ «አደይ ናት! እኛ ብንቀርባት እርሷ መጣችልን» አሉ።

ይህን ቃል ከመካከላችን የተጠራጠረ አልነበረም። እማሆይ ከአገር ከወጡ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ተመልሰውም አላዩአትም። እኛም ብንሆን እንቁጣጣሽን ያለ አደይ አበባ ማክበርን ለመድነው እንጂ አልወደድነውም። ስለዚህ እማሆይ ከእጅ መታጠቢያው የተረፈውን ውኃ እየቀዱ ማታ ማታ ሲያጠጧት ደስ አለን። መስከረም 1 ቀን ጥቂት ዘንጎች ቀጥፈን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በማሰሮ አኖርን። ከቅዳሴ የወጣ ሁሉ አበባዪቱን እያየ «እንኳን አደረሳችሁ» ተባባለ።

በሁለተኛው ዓመት እርከኑ እኩሌታው ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት አበባዪቱ እርከኑን ጨርሳ፣ ግንቡን ተሻግራ እስከ ውጭው መንገድ ዳር ደረሰች። እኛም ይህን መብዛት እንደ በረከት ቆጠርነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለአንባብያን የምናቀርበው፣ በረከት ያልነው ነገር በእውነት ምን እንደ ነበረ፣ እንዴት እንደ ተረዳነው፣ ከተረዳነውም በኋላ ምን ስሕተት እንደ ሠራን ለመናገር ነው። ጉዳዩ የአንድ እርከን ብቻ አይደለም፤ ከአገር ቤት ለሚመጡ ተሳላሚዎችና ከዚህ ተነሥተው ለሚመለሱ ሁሉ የሚነካ ነገር አለበት።

ቅጠሉን ያዩት መምህርት

ባለፈው መስከረም ለበዓለ መስቀል ከመጡት ተሳላሚዎች መካከል፣ በአገር ቤት የዕፅዋትን ትምህርት ሲያስተምሩ የኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። እማሆይ እንደ ልማዳቸው እንግዶቹን ወደ እርከኑ ወስደው፣ «እዩልኝ፤ አደይ እዚህም አለችን» አሏቸው። ሌሎቹ እልል ሲሉ መምህርቷ አበባውን ትተው ቅጠሉን ያዙ። ገልብጠው ጀርባውን ተመለከቱ፤ በጣቶቻቸው መካከል አሽተው አሸተቱት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እማሆይ፣ ይፍቱኝ፤ አንድ ነገር ልናገር። ይህች አደይ አይደለችም» አሉ።

እማሆይም፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ታዲያ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

መምህርቷ ለዚህ ጥያቄ ወዲያው መልስ አልሰጡም፤ ከእርሳቸው የተማርነው የመጀመሪያው ቁም ነገርም ይህ ነው። አንዱን ተክል ከነሥሩ፣ ከነቅጠሉ፣ ከነአበባውና ከነዘሩ ነቅለው በጋዜጣ ወረቀት መካከል ዘረጉት፤ በላዩም ከባድ ጣውላ ጭነው አደረቁት። የላዩንና የታቹን ቅጠል ለየብቻ፣ የአበባውን ዳርና መካከል ለየብቻ እየተመለከቱ በዕፅዋት መጻሕፍት ከተጻፈው መግለጫ ጋር አስተያዩት። በአምስተኛው ቀን ማታ ከማዕድ በኋላ ስሙን ነገሩን። የዕፅዋት ሊቃውንት በላቲኑ ስም «ቬርቤሲና ኤንኬሊዮይዴስ» ይሉታል። የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ የአሜሪካ ደቡብ ምዕራብና ሜክሲኮ። ዛሬ ግን በብዙ ሞቃታማና ደረቅ አገሮች ተስፋፍቶ ይገኛል፤ በዚህች በቅድስት ምድርም በመንገድ ዳር፣ በተቆፈረና ባዶ በቀረ መሬት ላይ ይታያል።

ወደ እኛ እንዴት ገባ? ነገሩን ወደ ኋላ ስናስብ መልሱ ሩቅ አልነበረም። አበባዪቱ ከመታየቷ አስቀድሞ በነበረው ክረምት የእርከኑ ካብ ፈርሶ ነበር። ካቡን ስናድስ አንድ የጭነት መኪና አፈር ከቆላው አስመጥተን ደልድለን ነበር። አበባዪቱ የበቀለችው ያ አፈር በፈሰሰበት ቦታ ነው።

አንድ መስሎ የሚታይ ማኅበር

አደይ አበባና ይህ እንግዳ ተክል መመሳሰላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሱፍ አበባ ከሚገኝበት፣ ሊቃውንቱ «አስቴራሴ» ከሚሉት ታላቅ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባሉ። ይህ ቤተሰብ በምድር ላይ ካሉት የአበባ ተክሎች ቤተሰቦች እጅግ ሰፊ ከሆኑት አንዱ ነው። በጾም ወራት ዘይቱን የምንበላው ኑግ፣ ፍትፍቱን የምንበላው ሱፍ፣ ለጠላ ዕቃ ማጠቢያ የምናውቀው ግራዋ፣ በአገር ቤት በየጓሮው የሚተከለው አሪቲ ሁሉም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

የቤተሰቡ ምልክት በአበባው አሠራር ይታወቃል። እኛ «አንድ አበባ» ብለን የምንጠራው በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። በመካከሉ ያለው ክብ ክፍል እንደ ቀንድ መለከት በተቀረጹ ትናንሽ አበቦች የተሞላ ነው፤ በዳር ያሉት፣ የአበባው ቅጠል የሚመስሉን ቢጫ ምላሶችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። ይህን የሚጠራጠር ሰው አንድ የሱፍ አበባ ራስ ሰንጥቆ ይመልከት፤ እያንዳንዱ ፍሬ ከአንድ ትንሽ አበባ እንደ ወጣ ያያል። እንግዲህ ወገኑ አንድ በመሆኑ ቀለሙና መልኩ ቢመሳሰል አያስደንቅም። በቢጫነቱ ብቻ ስም የሚሰጥ ሰው ግን ወንድማማቾችን በቀሚሳቸው ብቻ እንደሚለይ ሰው ይሆናል።

አደይን ከእንግዳዋ የሚለዩ ምልክቶች

በአገራችን አደይ አበባ የሚለው ስም ቢደንስ ከተባለው ወገን የሆኑ ከአንድ በላይ ዝርያዎችን ያጠቃልላል፤ ከእነዚህም በሰፊው የሚታወቀው «ቢደንስ ማክሮፕቴራ» ነው። የቤተሰቡ ዕፅዋት በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣውና መስፍን ታደሰ ባዘጋጁት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ክፍል ተዘርዝረዋል። ለእኛ ለአንባብያን ግን መምህርቷ ያስተማሩንን አምስት ምልክቶች ማስታወስ ይበቃል።

አንደኛው ቅጠሉ ነው። የአደይ ቅጠል እንደ ድንብላል ወይም እንደ ካሮት ቅጠል ቀጭን ቀጭን ሆኖ የተሰነጣጠቀ ነው። የእንግዳዋ ቅጠል ግን አልተሰነጠቀም፤ ሰፋ ያለ፣ እንደ ጦር ራስ ሦስት ማዕዘን የያዘ፣ ዳሩም እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው።

ሁለተኛው የቅጠሉ ጀርባ ነው። የእንግዳዋን ቅጠል ገልብጣችሁ ብትመለከቱ ነጣ ያለ፣ በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነና አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከሩቅ ስትታይ ተክሏ በሙሉ አረንጓዴነቷ የደበዘዘ መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው የቅጠሉ አቀማመጥና አንገት ነው። የአደይ ቅጠሎች ከግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። የእንግዳዋ የታችኞቹ ቅጠሎች ጥንድ ቢሆኑም ወደ ላይ ሲኬድ ግን አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። የቅጠሉ አንገት ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታም ብዙውን ጊዜ እንደ ጆሮ ያሉ ሁለት ትናንሽ ክንፎች ይታያሉ። እማሆይ በዓይናቸው ድካም ምክንያት ቀለሙን በደንብ ባይለዩም እነዚህን ጆሮዎች በጣታቸው ዳስሰው ያውቋቸዋል።

አራተኛው የአበባው ዳር ነው። የአደይ ቢጫ ምላሶች ስምንት ገደማ ናቸው። የእንግዳዋ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ይደርሳሉ፤ የእያንዳንዱም ጫፍ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል በሦስት ጥርስ የተከፈለ ነው።

አምስተኛው ሽታው ነው። የእንግዳዋ ቅጠል ሲታሽ ደስ የማያሰኝ ጠንካራ ሽታ ያወጣል። ለእንቁጣጣሽ ማሰሮ ያኖርንበት ደጃፍ ለሁለት ቀን ሲሸት አይጥ የሞተች መስሎን የፈለግነው ለዚህ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም። በዚህ አገር በጸደይ ወራት፣ በዐቢይ ጾምና በትንሣኤ ሰሞን፣ ቅጠሉ እንደ አደይ የተሰነጣጠቀ ሌላ ቢጫ አበባ ሜዳውን ይሞላል። እርሱም ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ የሜዲትራኒያን አገር በቀል ተክል ነው፤ አደይም አይደለም፣ ወራሪዋም አይደለችም። ለትንሣኤ የመጡ ተሳላሚዎች አደይ አየን የሚሉት እርሱን ነው። ስለዚህ ከቅጠሉና ከአበባው ጋር ወሩንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

የእኛ ስሕተት

መምህርቷ ወደ አገራቸው በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ማኅበሩ ተክሉን ለመንቀል ወሰነ። ሥራው ለወጣት አርድእት ተሰጠ። እነርሱም በታዛዥነት ማልደው ወጡ፤ እስከ ቀትር ድረስ እርከኑን፣ ግንቡን፣ የውኃ መውረጃውን ጭምር አጸዱ። ቢጫ የሆነ ነገር አላስቀሩም።

በሳምንቱ ቀፎዎቻችንን የሚጠብቁት አባት ንቦቹ እንደ ወትሮው እንዳልሆኑ ተመለከቱ። ከውኃ መውረጃው ዳር የነበረው ቁጥቋጦ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ያ ቁጥቋጦ እንግዳ አልነበረም፤ ዐረቦች ጣዩን የሚሉት፣ በዚህ ምድር ከጥንት የኖረ አገር በቀል ነው። እርሱም ከሱፍ አበባ ቤተሰብ ነው፤ እርሱም በመከር ወራት ቢጫ ያብባል። ነገር ግን ቅጠሉ ጠባብና ረዘም ያለ፣ ሲነኩት እንደ ሙጫ በእጅ ላይ የሚጣበቅ ነው፤ አበቦቹ ትናንሽ ናቸው፤ ግንዱም ከሥሩ እንደ እንጨት የጠነከረ ሆኖ ከዓመት ዓመት ይኖራል። የአካባቢው ሰዎች ቅጠሉን ለቍስል መድኃኒት ያደርጉታል። ከሁሉ በላይ ሌላው አበባ ባለቀበት ወቅት የሚያብብ በመሆኑ ንቦች ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚቀስሙት ከእርሱ ነው።

በስንዴና በእንክርዳድ ምሳሌ የተነገረውን ማስጠንቀቂያ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችንም ሰብከንበታል። ሆኖም ምሳሌው በእርከናችን ላይ ሲፈጸም አላየነውም። ጥፋቱ የአርድእቱ አልነበረም፤ «ቢጫውን ንቀሉ» ብለን ያዘዝናቸው እኛ ነን። ምልክቶቹን አስቀድመን ብናሳያቸው ኖሮ ንቦቹ የመከር ቀለባቸውን ባላጡ ነበር። በዚያ ክረምት ከሦስቱ ቀፎዎች አንዱ ባዶ ሆነ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብለን አንደመድምም፤ እኛ ግን ድርሻችንን ተቀብለናል።

እንግዳ ሁሉ ወራሪ አይደለም

ነገሩ በማኅበሩ ሲነሣ እማሆይ ያነሡት ጥያቄ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። «እኛስ በዚህ አገር እንግዶች አይደለንም? ውኃ አጠጥቼ ያሳደግኋትን እንግዳ ናት ብዬ ስለ ምን እነቅላታለሁ?» አሉ።

ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ከሌላ አገር የመጣ ተክል ሁሉ ጎጂ አይደለም። በርበሬ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ በቆሎ፣ የሱፍ አበባም ራሱ የመጡት ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ያለ በርበሬም የእኛን ወጥ ማን ያውቀዋል? በዚህ አገር በየአጥሩ የሚታየው፣ ፍሬውን በነሐሴ የምንበላው የበለስ ቁልቋልም ከዚያው የመጣ ነው። እነዚህ መጤ ይባላሉ። ወራሪ የሚባለው ግን ሰው ሳይዘራው ከገባበት ቦታ አልፎ የሚስፋፋ፣ አገር በቀሉን የሚያፈናቅል፣ ሰውንም እንስሳንም የሚጎዳ መጤ ነው። ሰው እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ከጎረቤቱ ጋር ይነጋገራል፤ ድርሻውን ያውቃል፤ ቤቱን ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል። ተክል ግን በትውልድ አገሩ የሚበሉት ነፍሳትና የሚገቱት በሽታዎች በሌሉበት ስፍራ ሲገባ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ በተክል ላይ የሚሰጠው ፍርድ ለሰው የሚሆን ፍርድ አይደለም።

ይህች እንግዳ በሌሎች አገሮች ምን እንዳደረገች በጽሑፍ ተመዝግቧል። በውስጧ ጋሌጂን የሚባል መርዝ ይገኛል፤ በአውስትራሊያና በአርጀንቲና በጎችን እንደ ገደለ ታውቋል። ከሥሯና ከቅጠሏ የሚወጡ ነገሮች በአጠገቧ ያሉትን የሌሎች ተክሎች ዘሮች እድገት እንደሚገቱ ጥናቶች አመልክተዋል። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ የአልባትሮስ ወፎች በዓለም ላይ እጅግ በብዛት በሚፈለፈሉባቸው በሚድዌይ ደሴቶች ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ብላ በቅላ የወፎቹን መክተቻ ያዘችባቸው፤ እርሷንም ለማጥፋት የብዙ ዓመታት ሥራ ተሠርቷል። ከግንባችን ውጭ በጎቻቸውን የሚያሰማሩ ጎረቤቶች አሉን። ከነቀልነው በኋላ አንዱ ወንድም፣ «ይህን ሁሉ ከምናቃጥለው ለበጎቹ እንስጣቸው» ብሎ ነበር። በቅን ልቡና የቀረበ አሳብ ነበር፤ ባናውቅ ኖሮ እንፈጽመው ነበር።

በልብስ ጫፍና በጫማ ሥር የሚሄድ ዘር

ከዚህ በኋላ የምንጽፈው በተለይ ለተሳላሚዎች ነው።

በአገር ቤት ከብዙ ክፍላተ ሀገር የመጣ ሰው ፓርቴኒየም የተባለውን አረም ያውቀዋል። በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይሉታል፤ ትርጉሙም መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደ ማለት ነው። እርሱም ከሱፍ አበባ ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን አበባው ትንሽና ነጭ፣ ቅጠሉም የተሰነጣጠቀ ነው። የትውልድ ስፍራው አሜሪካ ሲሆን በኢትዮጵያ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው፤ ከእርዳታ እህል ጋር እንደ ገባ በብዙዎች ይታመናል። የማሽላውንና የጤፉን ማሳ ይሸፍናል፤ የበሉት ላሞች ወተት ይመራል፤ የነካው ሰው ቆዳ ይቆጣል፤ ብናኙ አስም ያስነሣል። አንድ ተክል ብቻውን ከ10,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። ይኸው አረም በዚህ አገርም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዮርዳኖስ አጠገብ በቤተ ሳን ሸለቆ ታየ፤ ከዚያም ወዲህ ተስፋፍቷል።

እንግዲህ መንገዱ የሁለት አቅጣጫ መንገድ ነው። ተሳላሚ ከአገር ቤት ሲመጣ የአደይ ዘር በመሐረብ ቋጥሮ ለገዳማት ያመጣል፤ ሲመለስም ከቅዱሳት መካናት አፈር ዘግኖ ይወስዳል። ሁለቱም ከፍቅር የሚደረጉ ናቸው። ነገር ግን በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ ዓይን የማያያቸው ብዙ ዘሮች ይገኛሉ። በአገር ቤት ጨጎጎት የምንለው፣ አንዳንዱም የሰይጣን መርፌ የሚለው ዘር በነጠላና በቀሚስ ጫፍ ተለጥፎ ስንት አገር እንደሚሄድ ከገጠር የወጣ ሁሉ ያውቃል። የጭቃ ጫማም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንዲሆን በትሕትና እንጠይቃለን። ወደ ዮርዳኖስ ወይም ወደ በረሓው ገዳማት ወርዳችሁ ስትመለሱ፣ ከአውቶቡስ ከመግባታችሁ በፊት ጫማችሁን አራግፉ፤ የቀሚሳችሁንና የነጠላችሁን ጫፍ ተመልከቱ፤ የተለጠፈውን ዘር ለቅማችሁ በወረቀት ጠቅልሉና በቆሻሻ መጣያ ጨምሩ እንጂ በመንገድ አትጣሉ። ዘርና ያልደረቀ ተክል ከአገር ወደ አገር አታሻግሩ፤ ይህ በየአየር ማረፊያው የሚጠየቅ ሕግም ነው። ለመታሰቢያ የምትወስዱት አፈር ከሆነ ቀርቶ ከዮርዳኖስ ውኃ፣ ከጧፍና ከመቍጠሪያ አንዱ ይበቃል። ዘር ካላችሁም ለገዳሙ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁን።

በቅጽር ለምንኖር

በገዳም ለምንኖር ደግሞ ካለፈው ዓመት ሥራ ያገኘነውን እናካፍላለን። አንድ ተክል ወራሪ መሆኑን ከመፍረዳችን በፊት ከነሥሩ አንዱን ነቅለን፣ በጋዜጣ መካከል አድርቀን፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን በወረቀት ጽፈን እናስቀምጣለን። በኢየሩሳሌም በጊቭዓት ራም ባለው በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የደረቁ ዕፅዋት መዝገብ አለ፤ እንዲህ ያለ ናሙና ለሚያውቅ ዓይን ከብዙ ፎቶግራፍ ይበልጣል። ፎቶግራፍ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ የአበባው ፊት አይበቃም፤ የአበባው ጀርባ፣ የቅጠሉ ሁለት ገጽ፣ አንገቱና ተክሉ በሙሉ ይነሣ።

የታወቀውን ወራሪ ስንነቅል ዘር ሳይዝ፣ መሬቱ ከረጠበ በኋላ፣ በእጅ ጓንት፣ ከነሥሩ መሆን አለበት። አበባ ይዞ የተነቀለ ተክል መሬት ላይ ከተተወ ዘሩን ሊያበስል ስለሚችል በወፍራም ከረጢት ታስሮ ይወገዳል እንጂ ከፍግ ጋር አይደባለቅም። ለከብትም አይሰጥም። በአፈር ውስጥ የቀረው ዘር ለዓመታት ሊበቅል ስለሚችል አንድ ጊዜ መንቀል አይበቃም። እኛም በጸደይ ስንመለስ እርከኑ በቡቃያ ተሸፍኖ አገኘነው፤ ሁለት ጊዜ ለቀምነው። ባዶ መሬት ለወራሪ የተከፈተ ደጅ ስለሆነ በቦታው የአገሩን ሳጅና ጦስኝ ተከልንበት። በውኃ መውረጃው ዳርም የነቀልነው ጣዩን ከቀረ ሥሩ እንደ ገና አቆጥቁጧል፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረን ምልክት አደረግንበት። የሚመጣ ሥራ ሁሉ ከተክሉ አጠገብ ቆመን፣ ቅጠሉን በእጃችን ይዘን የምንማማርበት እንዲሆን ማኅበሩ ተስማምቷል።

እማሆይና የመጨረሻዋ ዘንግ

በመጀመሪያው ቀን አርድእቱ እርከኑን ሲያጸዱ አንዲት ዘንግ ብቻ ሳይነኩ ትተው ነበር፤ እማሆይ በእጃቸው ያጠጧት፣ ከሁሉ የቀደመችው ነበረች። ማንም ሊነቅላት አልደፈረም። እማሆይ ሦስት ቀን ዝም ብለው አዩአት። በአራተኛው ቀን ማለዳ ከጸሎት ሲወጡ ብቻቸውን ወደ እርከኑ ወርደው፣ ቅጠሏን ገልብጠው፣ ጆሮዎቿን በጣታቸው ዳስሰው፣ ሥሯን ይዘው ሳቧት። ከከረጢቱ ውስጥ ሲጨምሯት አንዱ ወንድም ደርሶ ሊያግዛቸው ቢል፣ «ተወኝ ልጄ፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አሉት።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ሲመጣ በደጃፋችን የምታዩት ማሰሮ የወይራ ቅርንጫፍና ጥቂት የጣዩን ዘንግ ይዟል። መምህርቷ ከአገር ቤት በመልእክት የላኩልን የአደይ አበባ ፎቶግራፍም በእማሆይ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ተሳላሚዎች እማሆይን ለመሳለም ሲገቡ አስቀድመው የሚያሳዩአቸው ቅጠሉን ነው። «አበባውን ሁሉም ያየዋል፤ እናንተ ቅጠሉን እዩ» ይላሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።